ጋሽ ተፈራ ያልተረቱት ተረት

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። እናቴ አታውቀውም። በየዓመቱ ለፋሲካ ንስሐ ስገባ ለሚሰሙኝ አባም ሌላ ሌላውን እየዘረዘርኩ ይሄኛውን ስዘለው ኖሬያለሁ። ኃጢአት አይመስለኝም ነበር ማለቴ አይደለም። ስሙን ማግኘት አቅቶኝ ነው። ሰው አልገደልኩም። የሰው ዕቃ አልነካሁም። አንድ ሽማግሌ የተናገሩትን ወደ ጣልያንኛ መልሺልን ተባልኩ፣ እኔ ግን ያሉትን ትቼ ያላሉትን ተናገርኩ። እንዲህ ሲሉት ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔም ለራሴ ትንሽ ነው፣ ትንሽ ነው ስለው ከርሜ ነው እዚህ የደረስኩት። እናንተ ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝና ፍረዱ።

አባቴ ጣልያን ነው፣ እናቴ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። እኔ እዚያው ተወልጄ፣ ፊደል ቆጥሬ፣ ትንሽ ከፍ ስል ሮም መጣሁ። ፓስፖርቴ የጣልያን ነው። ይህን የምናገረው አውቄ ነው። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሳይታደስ እንዳይቀር ፈርቼ ነው፣ ከአገር እንዳልባረር ብዬ ነው ማለት የሚችሉ ብዙ የአገሬ ልጆች አሉ። እኔ ያንን እንኳ ማለት አልችልም። ማንም ሊያባርረኝ አይችልም ነበር። ታዲያ ምን አስፈራኝ?

ፍልስፍና ነው ያጠናሁት። በዚያን ጊዜ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የዶክትሬት ጽሑፌን እያገባደድኩ ነበር። አማካሪዬ እዚህ ሮም ስሟ የታወቀ ፕሮፌሶሬሳ ናት። ስሟን አልጠራም፣ ምክንያቱም የዚህ ታሪክ ጥፋተኛ እሷ አይደለችም። በአንድ ጋዜጣ የባህል ገጽ ላይ ትጽፋለች፣ ሰው ስትሰማ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ነው፣ ተማሪ ሲታመም ሾርባ ይዛ የምትሄድ ሴት ናት። ሳን ሎሬንዞ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ መጻሕፍት መደብር፣ ከመሬት በታች ባለው አዳራሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ውይይት ታዘጋጅ ነበር። አስተማሪው፣ አሳታሚው፣ ሐያሲው፣ ፊልም ሠሪው፣ ጡረታ የወጣው ዳኛ ሁሉ ይመጣል። ርዕሱ ሁልጊዜ በአንድም በሌላም መንገድ አውሮፓ ናት። አውሮፓ ምን አጠፋች፣ አውሮፓ ለምን ደከማት፣ የአውሮፓ አስተሳሰብ አበቃለት ወይስ ገና ነው? እኔ ያን አዳራሽ እወደው ነበር። የተናቅኩበት ቦታ አልነበረም። እንዲያውም ስገባ ፊታቸው ይፈካ ነበር። የሚፈካው ለእኔ ይሁን ለመልኬ ሳልጠይቅ ነው ዓመታት የተቀመጥኩት።

የፕሮፌሶሬሳዋ አሳብ ባጭሩ ይህ ነበር። እኛ አውሮፓውያን በአእምሯችን ተመክተን፣ ሁሉን በክርክር እንፈታለን ብለን ዓለምን በደልን። አሁን ዝም ማለት አለብን። ዝም ብለን የሌሎችን ሕዝቦች ጥበብ እናዳምጥ። በክርክር ሳይሆን በተረት፣ በትዝታ፣ በመሬት የሚኖሩትን እናዳምጥ። ጥሩ አሳብ ይመስላል፣ አይደለም? እኔም በዚህ አሳብ ላይ ነበር ጽሑፌን የምሠራው። ከዚያም አንድ ቀን፣ "አንድ የአገርሽ ሽማግሌ ብታመጪልን፤ እኛ እንሰማ፣ እሱ ይናገር" አለችኝ።

ጋሽ ተፈራን አመጣሁ።

ጋሽ ተፈራን ያገኘኋቸው ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ባለ የሐበሻ ቡና ቤት ውስጥ ነው። ልጃቸው ወርቅነሽ፣ ፓሪዮሊ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንዲት አሮጊት ቤት ትሠራለች። ባለቤታቸው ሲሞቱ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብላ ከአዲስ አበባ አስመጣቻቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍልስፍና ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከሰዓት በኋላ ካፑቺኖ ያዝዛሉ፣ ከጠዋት ውጭ የማይጠጡት ጣልያኖች ይገረማሉ፣ እሳቸው ደንታም የላቸው። መጀመሪያ ቀን የያዝኩትን መጽሐፍ አይተው፣ "ይህ ሰውዬ ገጽ ላይ ይጮኻል እንጂ አያስረዳም፤ አይመስልሽም?" አሉኝ። መስሎኝ አያውቅም ነበር። ቤቴ ገብቼ እንደገና ሳነበው እውነታቸውን ነው።

ስለ ጋሽ ተፈራ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ተረት አይወዱም። ክፍል ውስጥ ተማሪ በተረትና ምሳሌ ሲመልስላቸው፣ "ይህ ሌላ ሰው ያሰበው ነው፤ አንተስ ምን ታስባለህ?" ብለው ነጥብ ይቀንሱ ነበር። ራሳቸው በሳቅ ነው የነገሩኝ። እኔ ይህን አውቅ ነበር። ሳላውቅ ያደረግኩት አይምሰላችሁ።

እንግሊዝኛቸው ጥሩ ነው፤ ያነቡት ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ፕሮፌሶሬሳዋ ግን እንግሊዝኛ ብዙም አይሆንላት፣ እሳቸውም በእንግሊዝኛ መናገር አልፈለጉም። "ዕድሜዬን ሙሉ በአማርኛ ያሰብኩትን በእንግሊዝኛ ሳስተምር ኖርኩ። አሁን ማን ይቆጣኛል? እንዳሰብኩት ልናገር፤ አንቺ ትመልሺልኛለሽ" አሉኝ። እሺ አልኳቸው። እኔ ነኝ እሺ ያልኩት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጋሽ ተፈራ ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው፣ ወርቅነሽ የተኮሰችላቸውን ሸሚዝ እስከ አንገት ቆልፈው፣ ከፕሮፌሶሬሳዋ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እሷ ተናገረች፣ እኔ በጆሯቸው መለስኩላቸው፤ ያንን በትክክል ነው የመለስኩት። ከዚያ የእሳቸው ተራ ሆነ። ያሉት ይህን ነው።

"ፕሮፌሶሬሳዋ ያሉትን በጥሞና ሰምቻለሁ። ማሰብ የእኛ ነበር፣ በእሱም ሰው በደልንበት፣ አሁን ዝም ብለን የእናንተን ጥበብ እንስማ ይላሉ። ትሕትና ይመስላል። ግን 'ማሰብ የእኛ ነበር' የሚለውን ማን ሰጣቸው? የጎረቤቱን መሬት አጥሮ የያዘ ሰው 'ይህ መሬቴ ኃጢአት አሠራኝ' ብሎ ቢያለቅስ፣ እያለቀሰም መሬቴ ማለቱን አልተወም። እኔም አስባለሁ። እኔም እጠራጠራለሁ፣ እከራከራለሁ። ተረት ልነግራቸው አልመጣሁም፣ ላጽናናቸውም አልመጣሁም። ተሳስተዋል ልላቸው ነው የመጣሁት። እንደ እኩያ ቆጥረው ይመልሱልኝ።"

ጨርሰው ወደ እኔ አዩ። ሁሉም ወደ እኔ አየ።

እኔ ምን አሰብኩ? ፕሮፌሶሬሳዋ እርሳሷን ይዛ፣ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ እየጠበቀች ነበር። ሁለተኛው ምዕራፌ እጇ ላይ ነው። ጽሑፌ ካለፈ በኋላ የምቀጠርበትን ቦታ የምትወስነው እሷ ናት። የተናገሩት ነገር ደግሞ የእሷን መጽሐፎች ብቻ ሳይሆን የእኔንም ጽሑፍ ከሥሩ ነቅሎ የሚጥል ነበር። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አስቤው ነው ብል እዋሻለሁ። ቅጽበቷ ያን ያህል ረጅም አልነበረችም። አፌን ከፈትኩ፣ እንዲህም አልኩ በጣልያንኛ፦ "ጋሽ ተፈራ የሚሉት፣ በአገራችን አንድ የቆየ አባባል አለ ነው። ወንዝ ምንጩን አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ ይፈስሳል። መጥታችሁ ዝም ስላላችሁ አመሰግናለሁ ይላሉ።"

እንዲህ የሚል አባባል በአማርኛ የለም። የትም የለም። እኔ ነኝ እዚያው የፈጠርኩት። ከየት አመጣሽው ብትሉኝ አላውቅም።

አዳራሹ አጨበጨበ። ፕሮፌሶሬሳዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጋሽ ተፈራ ጭብጨባውን ሲሰሙ እንደ መደንገጥ ብለው፣ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ። ፊታቸው እንዴት እንደበራ አልረሳውም። ወደ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አብረን ስንሄድ፣ "ጨዋ ሰዎች ናቸው" አሉኝ። "እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ፊት ለፊት ተነግሯቸው ያጨበጭባሉ። እኛ ዘንድ ቢሆን ቅያሜ ነው።" እኔም፣ "አዎ ጋሼ፣ እዚህ እንዲህ ነው" አልኳቸው።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ! አንዴ አፌን አዳልጦኝ ነው ብዬ በማግሥቱ ብነግራቸው ኖሮ ይስቁ ነበር እንጂ አይቀየሙኝም ነበር። ግን አላቆምኩም። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ከዚያም በሚቀጥለው፣ ከዚያም በኋላ ደግሜ ደጋግሜ አደረግኩት። እሳቸው ሳምንቱን ሙሉ ሲያስቡ ከርመው፣ አሳባቸውን እንደ ድንጋይ ካብ አንዱን ባንዱ ላይ አስቀምጠው ይመጣሉ። እኔ ካቡን አፍርሼ ጅብ አደርገዋለሁ፣ ዛፍ አደርገዋለሁ፣ ዝናብ አደርገዋለሁ። ሰዉ ይጽፋል። ሰዉ ያጨበጭባል። ፕሮፌሶሬሳዋ ደግሞ ለጅቡና ለዛፉ ስትመልስ፣ ያንን እንዳለ ለጋሽ ተፈራ ብነግራቸው ጉዴ ይፈላል። ስለዚህ የእሷንም መልስ እፈጥራለሁ። ለክርክራቸው የሚገባውን መልስ፣ የሚያስቸግራቸውን ጥያቄ፣ እሷ ያላለችውን፣ በእሷ ስም በጆሯቸው እላለሁ።

በጣም የማፍርበት ነገር ይኸኛው ነው፣ እናገረዋለሁ። ያ ክርክር አስደሰተኝ። በፕሮፌሶሬሳዋ ስም ሆኜ ከጋሽ ተፈራ ጋር የተከራከርኩት ክርክር በሕይወቴ ካሰብኩት ሁሉ የተሻለው ነው። "ይህች ሴት ብርቱ ናት፤ ዛሬ ይዛኝ ነበር" ይሉኝ ነበር ሲመለሱ፣ ደስ ብሏቸው። እኔ ነበርኩ የያዝኳቸው። በራሴ ስም አንድም ቀን እንዲያ አድርጌ አስቤ አላውቅም። ሁለቱ እርስ በርስ የሚነጋገሩ መስሏቸው ነበር። ሁለቱም የሚነጋገሩት ከእኔ ጋር ብቻ ነበር።

ጋሽ ተፈራ የልጅ ልጅ አላቸው፣ የወርቅነሽ ልጅ፣ ሶስና። ሮም የተወለደች፣ ያኔ ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ ናት። አማርኛ ይገባታል፣ ስትናገር ግን እንደ ሕፃን ልጅ ቃል ትሰብራለች፣ ሲጨንቃት ሙሉ በሙሉ ጣልያንኛ ትሆናለች። አያቷን "ኖኖ" ነው የምትላቸው። አንድ ቅዳሜ አያቷ እንዲህ የተከበሩበትን ቦታ ልይ ብላ መጣችና ከኋላ ተቀመጠች። እኔ ስናገር ፊቷ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። እያየሁ ተናገርኩ።

ሲያልቅ መደብሩ በር ላይ ጠበቀችን። አያቷን ክንዳቸውን ይዛ፣ በዚያ በተሰበረ አማርኛዋ፣ "ኖኖ፣ እሷ አንተ ያልከው አላለችም። አንተ ስለ ማሰብ አልክ፤ እሷ ስለ ጅብ አለች" አለቻቸው።

ጋሽ ተፈራ ወደ እኔ ዞሩ። ጥርጣሬ አልነበረም ዓይናቸው ላይ፣ መጠየቅ ብቻ ነበር። "ምንድን ነው የምትለው?" አሉኝ።

እኔ ምን አልኩ? ፈገግ አልኩ። መጀመሪያ ፈገግ አልኩ፣ እሱን ነው የማልረሳው። "ጋሼ፣ የሶስና አማርኛ የቤት አማርኛ ነው" አልኳቸው። "እንብላ፣ እንተኛ ነው የምታውቀው። የእርስዎ አነጋገር ደግሞ ከባድ ነው። በጣልያንኛ እንዲገባቸው አንዳንዴ በምሳሌ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ እሱን ሰምታ ነው።"

ጋሽ ተፈራ አመኑኝ። ወደ ልጅቷ ዞረው፣ "ሰማሽ? በማታውቂው ነገር ሰው አታሳጪ። የተማረች እኅትሽን ይቅርታ ጠይቂ" አሏት። ሶስና፣ "ቫ ቤኔ፣ ኖኖ" አለች፣ እሺ ማለቷ ነው። ይቅርታ ግን አልጠየቀችኝም። ቀድማን ወደ ተርሚኒ መንገድ ብቻዋን ሄደች። ከዚያ በኋላ ወደ አዳራሹ አልመጣችም። ወርቅነሽ እንደነገረችኝ ቤት ውስጥም ከአያቷ ጋር መነጋገር ቀነሰች፣ እሳቸውም ልጅቷ አመሏ ተበላሸ ብለው ያዝኑ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ እየሰማሁ፣ "አይዞሽ፣ ዕድሜዋ ነው" እላለሁ። ለእናቲቱ። እኔ።

የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ማንም ቀና ብሎ አለመጠየቁ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ዕድሜያቸውን መጠራጠርን ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። አንድ ፍልስፍና ያስተማረ ሰው እንዴት ሁልጊዜ በጅብና በዝናብ ብቻ ይናገራል ብሎ የጠረጠረ አንድ አልነበረም። ከእኔ አፍ የወጣው ቀድሞውንም ጆሯቸው ውስጥ የነበረ ነገር ነው። እንዲህ እያልኩ በእነሱ ላይ እቆጣለሁ፣ ቁጣው ትንሽ ያሳርፈኛል፣ ከዚያ ደግሞ ይተወኛል። እነሱ ሳይጠረጥሩ ቢቀሩ አማርኛ አያውቁም። እኔ አውቅ ነበር።

ነገሩ የወጣው በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሆላንድ የመጣች እንግዳ፣ መምህርት ናት፣ ውይይቱ ሲያልቅ በቀጥታ ወደ ጋሽ ተፈራ ሄዳ እጃቸውን ያዘችና በእንግሊዝኛ አመሰገነቻቸው። እኔ መጽሐፍ መደርደሪያው ጋ ከሰው ጋር ቆሜ ነበር፤ ደርሼ ላቋርጥ አልቻልኩም። ስለ ወንዙ ነገረቻቸው። ስለ ጅቡ ነገረቻቸው። እሳቸው፣ "እባክሽ ድገሚልኝ" ሲሉ ሰማሁ። ደገመችላቸው። አንድ በአንድ አስነገሯት፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ በትሕትና፣ በመጨረሻም አመስግነው ሸኟት።

ወጥተን ወደ ተርሚኒ መንገድ ጀመርን። መንገድ ልንሻገር ቆመን ሳለ፣ "ሶስናን ውሸታም አድርጌያታለሁ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ቃል በቃል አይሆንልኝም ብዬ ነው" አልኩ።

"ቃል በቃል አላልኩሽም። የተናገርኩትን ነው ያልኩሽ።" ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ለምን እንደሆነ አልጠይቅሽም። ብትነግሪኝ ልረዳልሽ እችላለሁ፣ አሁን ደግሞ ልረዳልሽ አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። በሚመጣው ቅዳሜ አጭር ነገር እናገራለሁ። እስከ ዛሬ የሰማችሁት እኔ ያልኩት አይደለም፣ እንደገና እንጀምር እላለሁ። እሱን መልሺልኝ። ማን እንዳጠፋ አልናገርም።"

"እሺ ጋሼ" አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ እሺ አልኩ።

ቅዳሜ አልሄድኩም። ስልኬን አጥፍቼ ቤቴ ተቀመጥኩ። አልታመምኩም፣ ሰው አልሞተብኝም፣ አውቶቡስ አልቀረብኝም። ወንበር ላይ ተቀምጬ የአዳራሹ ሰዓት ሲያልፍ ጠበቅኩ።

እኔ የረሳሁት ሶስናን ነው። ጋሽ ተፈራ በሳምንቱ ውስጥ ይቅርታ ጠይቀዋት ነበር፣ አያት የልጅ ልጁን፤ ይህን በኋላ ከወርቅነሽ ነው የሰማሁት። ስለዚህ አብራቸው መጣች። ሰዉ እኔን ጠብቆ ጠብቆ ሊበተን ሲል እሷ ተነሥታ፣ "እኔ እተረጉማለሁ" አለች። እሳቸው ተናገሩ፣ እሷ ተረጎመች። ምን ያህሉን እንዳገኘችው አላውቅም። ግን ዋናውን አግኝታዋለች። በንጹሕ የሮም ጣልያንኛ፣ እስከ ዛሬ የሰማችሁት አያቴ ያሉት አይደለም፣ አያቴ ተሳስታችኋል ነው የሚሏችሁ ብላቸዋለች።

እንግዲህ እውነቱ ተነገረ ማለት ነው። እኔ ባልኖርም ተነገረ። እዚያ ላይ ቢያበቃ እኔ ዛሬ ፈሪ ብቻ ነበርኩ።

ፕሮፌሶሬሳዋ የዚያኑ ቀን አመሻሹ ላይ ደወለችልኝ። ስልኬን ከፍቼው ነበር። መጀመሪያ ደህንነቴን ጠየቀች። ከዚያ፣ "ዛሬ አንድ የሚረብሽ ነገር ሆነ" አለች። የሶስናን ቃል ደገመችልኝ፤ ድምፅዋ ተቆጥቶ አልነበረም፣ ግራ ገብቶት ነበር። "እሳቸው በእርግጥ እንዲህ ሊሉ ይችላሉ? አንቺ ታውቂያቸዋለሽ። ንገሪኝ።"

ንገሪኝ አለችኝ። ከዚህ የበለጠ በር አይከፈትም። አሁን ዓመታት አልፈው ሳስበው፣ ብነግራት ምን ታደርገኝ ነበር? ምናልባት ትናደድ ነበር። ምናልባትም ደስ ይላት ነበር። ያቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ የሚከራከራት ሰው ስትፈልግ የኖረች መሰለኝ፤ በዙሪያዋ የነበርነው ሁላችን ራሳችንን የምንነቀንቅ ነበርን። የፈራሁት እሷን እንኳ አልነበረም ማለት ነው። ጎበዝ፣ ጨዋ፣ የሁለት ዓለም ድልድይ የሚሉኝ ነገር ነበር፤ እሱ እንዳይቀርብኝ ነው።

"አይ" አልኳት። "የልጅቷ አማርኛ ደካማ ነው። እሳቸውም ሰሞኑን ደክሟቸዋል።"

"እኔም እንዲያ ነው የመሰለኝ" አለች፣ ተንፈስ ብላ። ከዚያ ስለ ምዕራፌ ጠየቀችኝ።

ይኸው ነው። ያንን አፌን አዳልጦኝ ነው አልልም። አስቤ ነው ያልኩት። አንድ ሰው እውነቱን ለመናገር የቀረውን ጉልበት ሁሉ አውጥቶ፣ አንዲት ልጅ ደፍራ ተነሥታ አድርሳለት፣ እኔ በስልክ፣ ከወንበሬ ሳልነሣ ሰረዝኩት። ጋሽ ተፈራ ድጋሚ አልተጠሩም። ማንም አላስቀየማቸውም፤ "ይረፉ" ነው የተባለው፣ በፍቅር። መልስ ሲጠብቁ ነበር፣ ወርቅነሽ ነግራኛለች። ክርክሩ አሁን ይጀመራል ብለው፣ ኮታቸውን አስጸድተው ይጠብቁ ነበር።

አንድ ቀን ካስትሮ ፕሬቶሪዮ፣ እዚያው ቡና ቤት አየኋቸው። ልመለስ ስል አዩኝ። ብድግ ብለው ቆሙ። ከተዋወቅን ጀምሮ "አንቺ"፣ "ልጄ" ነበር የሚሉኝ። ያን ቀን ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "እንደምን ነዎት?" አሉኝ። ለእኔ። ከልጃቸው በዕድሜ ለማንሰው። "ቤተሰብዎ ደህና ናቸው?" እያሉ እንደ እንግዳ ሰው አክብረው ጠየቁኝና ተቀመጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በዚያ "እርስዎ" ውስጥ የእኔና የእሳቸው ነገር አበቃ፤ አማርኛ የማያውቅ ሰው ይህን ሊረዳልኝ አይችልም።

በዚያው ክረምት ልባቸው ደከመና አረፉ። አስከሬናቸው አዲስ አበባ ሄደ። ፕሮፌሶሬሳዋ በአዳራሹ የመታሰቢያ ፕሮግራም አዘጋጀች፣ በጋዜጣውም ጻፈችላቸው፤ ርዕሱ ወንዙ ነበር። ከዚያም፣ "አባባሉን በራሳቸው ቋንቋ ብታነቢልን፣ ዋናውን" አለችኝ።

ዋናው! ዋና አልነበረውም። የራሴን የጣልያንኛ ፈጠራ ወደ አማርኛ መልሼ፣ "ወንዝ ምንጩን አይጠይቅም" ብዬ፣ የጋሽ ተፈራ ፎቶግራፍ ባለበት ቆሜ አነበብኩት። ሰዉ አማርኛው እንዴት ያምራል እያለ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ሶስና በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ስወጣ አልሸሸችኝም። "ይሄ የኖኖ አማርኛ አይደለም" አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ በአማርኛ። የተሰበረ አልነበረም። አንድም ስሕተት የለበትም።

ዶክትሬቴን አገኘሁ። ቦታውንም አገኘሁ። ዛሬ አስተምራለሁ፤ የማስተምረውን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፣ የሌሎችን ድምፅ ስለ ማዳመጥ ነው። ባለፈው ሰሞን በቃል ፈተና ላይ አንድ ተማሪ፣ በአቢሲኒያ ወንዝ ምንጩን አይጠይቅም ይላሉ ብሎ ጠቀሰልኝ። ከየት አመጣኸው አላልኩትም። ሙሉ ነጥብ፣ ትሬንታ፣ ሰጥቼ አስወጣሁት። ጋሽ ተፈራ ቢሆኑ ነጥብ ይቀንሱበት ነበር።

አሎራ፣ እንግዲህ፣ አሁን ይቅርታ ልጠይቅ? ይህን ሁሉ ስጽፍ ልቤ ቀለል ሲለኝ ተሰማኝ፣ ሲቀለኝ ደግሞ ራሴን ጠረጠርኩት። የጻፍኩት በምን ቋንቋ ነው? በአማርኛ። ሶስና የአማርኛ ፊደል አልቆጠረችም። ፕሮፌሶሬሳዋ አንድ ቃል አታነብም። እዚያ አዳራሽ ተቀምጦ ያጨበጨበ አንድም ሰው ይህን ሊያነብ አይችልም። ጋሽ ተፈራ ያነቡት ነበር፣ እሳቸው የሉም፤ ቢኖሩም የሚያውቁትን ነው የምነግራቸው። እኔ የበደልኩት በጣልያንኛ ነው። የተናዘዝኩት በአማርኛ ነው። ዛሬም እዚህ ያለውን እዚያ አላደረስኩም።

ስለዚህ ይቅር አትበሉኝ። እናንተን አልበደልኩም፣ የእናንተ ይቅርታም ለእኔ መደበቂያ ነው የሚሆነኝ። ፕሮፌሶሬሳዋ ጡረታ ወጥታለች፣ በሕይወት አለች፣ ስልኳ አልተቀየረም። እሁድ እሁድ ቤት እንደምትውል አውቃለሁ። ዛሬ እሁድ ነው።

አልደወልኩም።